ቅቤ የጠጣው ቤዝ ጊታር

ይድረስ ለልጄ ለየትናየት። ያሳደገሽ ሚካኤል በሄድሽበት ሁሉ ከፊት ከኋላሽ አይለይ። እኛ ደህና ነን። ላማችን ወልዳለች፤ አባትሽም ጉልበቱን እያመመው ከማኅሌት አይቀርም።

ቤዝ ጊታርሽን ከቆጥ አውርጄው ነበር። አባትሽ የበገናው ጅማት እንዳይደርቅበት ቅቤ ሲያስነካው ስለማይ፣ ያንቺንም አራት ክሮች በለጋ ቅቤ አሸኋቸው። ሰሞኑን እዚህ ሰቆጣ በየሰርጉ የሚጫወተው፣ እንግዳው የሚባለው ልጅ ሊገዛው መጥቶ ቢመታው ድምፁ ታፈነ።

«እማማ፣ ይሄ እኮ ብረት ነው፤ ቅቤው ገድሎታል» አለኝ። ክሩ ከተቀየረ ግን ይድናል ብሎ ሊወስደው ፈለገ። አይሸጥም አልኩት።

«በካህን ቤት ዘፈን አይመታም» ብዬ ሰው ቤት እየዞርሽ እንድትማሪ ያደረግሁሽ እኔ ነኝ። አንድ ቀን እንኳ እፊቴ እንድትመቺው ፈቅጄ ቢሆን ኖሮ፣ ቅቤ እንደማይወድ አውቅ ነበር።

ከብርዱ ተጠንቀቂ፤ ጾሙንም አትርሺ። ወደዚህ የሚመጣ ሰው ካገኘሽ አራቱን ክር ላኪልኝ፤ እንግዳው ይገጥመዋል። አምላክ በሰላም ሲመልስሽ ሰው ቤት አትሂጂ። እቤትሽ ምቺው፤ እኔም ልስማው።

እናትሽ አመተ ሥላሴ