የስለቱ ማሾ

ጁባ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለተከበሩ የንስሐ አባቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ባሉበት ሆነው ይፍቱኝ እላለሁ፤ ኋላ የሚፈታው ስለሚበዛ ከወዲሁ ቢጀምሩት ይሻላል። ጉልበትዎ እንዴት ሰነበተ? ዳገቷን እንደ ድሮው ይወጧታል ወይስ አሁንም ከዘራውን የያዝኩት ለውሻ ነው እያሉ ያታልሉናል? ሳሉስ? የደብሩ ጣሪያ ዘንድሮም በቅዳሴ መሐል ያንጠባጥባል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደህና ነኝ። ይህቺን የጻፍኳት ለወጉ ነው፤ ደብዳቤ ያለሷ አይጀመርም። እውነቱን ከፈለጉ እንቅልፍ በዐይኔ ካለፈ ሰንብቷል፤ ምግብ ሻጭ ሆኜ ምግብ አልወርድ ብሎኛል።

በስልክ ያልነገርኩዎ ስልክዎን ሁልጊዜ የሚያነሱት ገበዙ አለቃ ገብረየስ ስለሆኑ ነው። እሳቸው ደግሞ ጆሯቸው ስለደከመ ድምፁን ለግቢው ሁሉ ይለቁታል። ባለፈው ስለ እርሻዬ ቅጠል ሳማክርዎ የሰንበቴ እናቶች ከኋላ "ምን ሆንኩ ነው የምትለው?" ሲባባሉ ሰምቻለሁ። ይህኛው ነገር ለሰንበቴ አይሆንም። ደብዳቤውን የምታደርስልዎ አየር መንገድ የምትሠራው መቅደላዊት ናት፤ እንዳትከፍተው በቅዱስ ሚካኤል አስምዬአታለሁ። እኔና ሚካኤል በአሁኑ ሰዓት ዐይን ለዐይን የምንተያይ ባንሆንም፣ ለሌላ ሰው መሐላ ያገለግላል ብዬ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርዎ። ንያኩሮን ሰፈር ያለችው ምግብ ቤቴ በጾም ወራት ነው የምትኖረው። የአገሬ ሰው ሁሉ፣ የድርጅቱም የባንኩም፣ ረቡዕና ዓርብ ሲሆን ሽሮ ፍለጋ ይመጣል። እዚህ ግን ጥራጥሬ የሚባለው ሁሉ ከኡጋንዳ በጭነት መኪና መጥቶ ካስተም ገበያ ይራገፋል። ጆንያውን ሲፈቱት ጠጠሩ ይቀድማል፣ ነቀዙ ይከተላል፣ አተሩ ካለ መጨረሻ ላይ ይወጣል። ስለዚህ እኔ ልጅዎ፣ በዕድሜዬ ከድስት በቀር ያረስኩት ነገር የሌለኝ፣ ገበሬ ልሁን አልኩ። ከከተማው ወጣ ብሎ ረጃፍ ከወንዙ ዳር ማሳ አግኝቼ ማሾ ዘራሁ። ማሾ እርስዎ አገር ብዙ አይታወቅም። አረንጓዴ፣ ድብልብል ያለች ፍሬ ናት፤ ተከክታ ወጥ፣ ተፈጭታ ሽሮ ትሆናለች። ዘርተዋት ሁለት ወር ከምናምን ሳይሞላት ትደርሳለች። ችኩል ናት፤ ለኔ የተፈጠረች።

ማሳውን የሰጠችኝ ማማ ፖኒ የምትባል የባሪ ጎሳ ሴት ናት፤ ባሏ በጦርነቱ የሞተባት፣ የልጅ ልጆች የምታሳድግ። አንቱ ያላልኳት ንቄ እንዳይመስልዎ፤ በጁባ ዐረብኛ አንቱ የሚባል ነገር ስለሌለ ምላሴ ተበላሽቶ ነው። የእሷ ሉቢያ ከኔ ማሾ ጎን ነው፤ በመሐላችን የእግር መንገድ ብቻ አለ። ሉቢያ ያው የባቄላና የአተር ዘመድ ነው። ቅጠሉን ለጋውን ቀጥፋ እንደ ጎመን ትሠራላቸዋለች፤ ፍሬውን ደግሞ ለበጋው ታደርቃለች። ያ ማሳ ለነዚያ ልጆች ጓዳም ጎተራም ነው።

አሁን ስለቱ ጋ ደረስኩ። የዘራሁ ሰሞን አንድ መንገደኛ ጠፋብኝ። ከኡጋንዳ በኒሙሌ መንገድ ይመጣል ሲባል ቀረ። በዚያው ሰሞን በዚያው መንገድ መኪና ላይ ተተኮሰ የሚል ወሬ ካስተም ደረሰ። መንገደኛው ማን ነው ብለው እንዳይጠይቁኝ፤ ነፍስ ያለው ሰው ነው፣ ለጊዜው ይብቃዎ። ሌላ ሰው ሲጨንቀው ጧፍ ይሳላል፣ ጃንጥላ ይሳላል። እኔ ግን አፌን ያውቁታል፤ ማሳው መሐል ቆሜ "ሚካኤል ሆይ፣ እሱን በሕይወት አምጣልኝ እንጂ የዚህ ማሳ ፍሬ አንዲት ሳትቀር ለኅዳር ያንተ ናት!" አልኩ። መንገደኛው ጭቃ በጭቃ ሆኖ፣ "የሚበላ ምን አለ?" እያለ ከች አለ። ሚካኤል የራሱን ድርሻ ጨረሰ ማለት ነው። የቀረው የኔ ነው።

ማሾዬም አላሳፈረችኝም ነበር፤ ለምለም ሆና ልታብብ ስትል ነው ጉዷ የመጣው። መጀመሪያ ያየው ረፊቅ ነው። ረፊቅ ሽንኩርትና ዘይት ከኡጋንዳ የሚያመጣልኝ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፣ የአሩዋ ልጅ፤ እንዲያው ለነገሩ መግቢያ ያህል ነው ያነሳሁት። ጎንበስ ብሎ የታችኛውን ቅጠል ገለበጠና "ያ ሐበሺያ፣ አንቺ ሐበሻ፣ ማሾሽ ሲጋራ የሚተረኩስባት ማን ነው?" አለኝ። እውነቱን ነበር። ክብ ክብ ነጥብ፣ ዙሪያው ቡኒ፣ መሐሉ አመድ የመሰለ፣ ልክ የሲጋራ ጫፍ እንደነካው። የዚያን ዕለት ነው ለእርስዎ የደወልኩት። እርስዎም በላኩልኝ ጠበል ሦስት ቀን እርጪው ብለው አዘዙኝ።

እንግዲህ ጥፋቱ ከዚህ ላይ የኔ መሆኑን ይመዝግቡልኝ። እርስዎ ያሉኝ እርጪው ነው፤ ዘፍዝፊው አላሉኝም። እኔ ግን ጥቂት ከጠቀመ ብዙ ይበልጥ ይጠቅማል ብዬ ጠበሉን በበርሜል ከነጭ ዓባይ ውኃ ጋር ቀላቅዬ፣ ረፊቅ ያመጣልኝን በጀርባ የሚታዘል መርጫ ሞልቼ፣ ማታ ማታ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከሥር እስከ ጫፍ አጥለቀለቅኳት። ሦስት ቀን የተባለው ሳምንታት ሆነ። ቀሚሴ እስከ ጉልበቴ ርሶ፣ ከመስመር መስመር እየተሽሎከለኩ፣ መዝሙር እየዘመርኩ። ማማ ፖኒ ከማዶ ቆማ ታየኛለች፤ የሐበሻ እርሻ እንዲህ ነው ብላ ይሆናል። ነጥቡም እንደ ቡራኬ ተቀበለው መሰለኝ፣ ከታች ወደ ላይ ወጣ፤ ቅጠሉ ቢጫ እየሆነ ይረግፍ ጀመር። ማሳው ነብር መሰለ።

ሲጨንቀኝ ዳምጠውን ጠራሁት። ዳምጠው በአንድ የእርዳታ ድርጅት የእርሻ ባለሙያ ነው፤ ከመኪና ሲወርድ ከእግሩ በፊት እንግሊዝኛው ይወርዳል። ቅጠሉን ወደ ፀሐይ አንስቶ "ሰርኮስፖራ" አለ፤ የሻጋታ ዓይነት ነው። ከዚያ "ማታ ማታ ቅጠሉን የሚያረጥበው ማን ነው?" ሲለኝ ደረቴን ነፍቼ "እኔ ነኝ፤ በጠበል!" አልኩት። እሱም የቄስ ልጅ ነው፤ ራሱን አከከና በአማርኛ "እህቴ፣ ክፋቱ ከጠበሉ አይደለም፤ ከእርጥበቱ ነው። ይህ ሻጋታ እርጥበት ያግኝ እንጂ ውኃው የየትኛው ደብር እንደሆነ አይጠይቅም" አለኝ። ዝናቡ ብቻውን ይበቃው ነበር፤ እኔ ደግሞ ቅጠሉን እርጥብ አድርጌ አሳድረዋለሁ፣ በራሰ ቀሚሴም ከታመመው ወደ ጤነኛው አዞርለታለሁ። አሁን መድኃኒት ቢረጭ አልፏል፤ ካስተም የሚሸጠውም የተባይ እንጂ የሻጋታ አይደለም። የሚሻለው ተነቅሎ መቃጠል ነው፤ ለዘርም እንዳታስቀሪ አለኝ። በመጨረሻ የማማ ፖኒን ማሳ አየና "ወደዚያ ከተሻገረ ሉቢያውንም አይምርም፤ ዘመዳሞች ናቸው" ብሎ፣ ወርክሾፕ ረፍዶብኛል እያለ አቧራውን አልብሶኝ ሄደ። እንዲህ ዓይነት ሰው ሲሳሳት ነው ደስ የሚለው፤ ይሄ ግን ልክ ነበር።

አባቴ፣ ማሳው የኔ ቢሆን ያኔውኑ እነቅለው ነበር። የተሳልኩትን ግን እንዴት አድርጌ? ባር ያላትን በዛብሽን ባማክራት ዐይኗን አፍጥጣ "የስለት ማሳ ልትነቅዪ? አብደሻል? ሚካኤል እኮ ሰይፉን የያዘው ለጌጥ አይደለም!" አለችኝ። ይህን ያለችኝ ደግሞ መንገደኛው እንደገና መንገድ ላይ በነበረበት ቀን ነው። አሁንም መንገድ ላይ ነው። ኡጋንዳ ካለችው ከጉሉ ተነስቻለሁ ብሎ ደውሎ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ስልኩ ዝግ ነው። ዝናቡ ድልድይ ወሰደ የሚል አለ፤ ሌላም የሚል አለ፣ ሌላውን አልጽፈውም። ካስተም እየሄድኩ የሚራገፈውን መኪና ሁሉ ሾፌር ፊት እያየሁ እመለሳለሁ። ደላሎቹ ምን ጠፋብሽ ሲሉኝ ሽንኩርት እላቸዋለሁ።

አየ ድርድር! ግማሹን ብነቅል አልኩት ሚካኤልን። ዳር ዳሩን ብቻ? ፍሬ ያልያዘውን ብቻ? የሚካኤል ዝምታ ደግሞ እንደ ሰው ዝምታ አይደለም፤ ወዴት እንደሚዞሩበት አያውቁትም። ማሾውን ብነቅል የሰጠኝን ሰው መልሶ ቢወስደውስ? ብተወው ደግሞ በሽታው መንገዷን ተሻግሮ የልጆቹን ምግብ ሊበላ ነው። እንዲያ እያልኩ፣ አንዴ ወደ ማሳው አንዴ ወደ ካስተም ስሮጥ፣ ሁለት ድግስ የሰማ ውሻ መስዬ ከረምኩ።

ከትናንት በስቲያ ጠዋት ረጃፍ ስወርድ ማማ ፖኒ በእኔ በኩል ባለው የሉቢያዋ ጠርዝ ተቀምጣ ቅጠል ትቀጥፋለች። ለወጥ መስሎኝ ነበር። ሳይ ነጥብ ያለበትን እየለየች ቅርጫት ውስጥ ታኖራለች። አልጮኸችብኝም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። "ያንቺ ነገር ወደኔ መጥቷል" አለች ቀና ሳትል። "ለምን አትነቅዪውም?" አለችኝ። የኔ አይደለም አልኳት። "የማን ነው?" የመልአኩ፣ የሚካኤል። "ታዲያ እሱ መጥቶ ይንቀለዋ፤ እኔ ወገቤን ያመኛል" አለች። መሳቅ ጀመርኩና አላስችል ብሎኝ አለቀስኩ። ስለቱን፣ መንገደኛውን፣ ስልኩን፣ ለእርስዎ እንኳ ያልነገርኩዎን ሁሉ በተሰበረ ዐረብኛዬ ነገርኳት። ሰምታኝ ስታበቃ ያለችኝ ይህን ብቻ ነው፦ "ሰውየው ተመልሶ ሲመጣ የእነዚህን ልጆች ሉቢያ ምን በላው ቢልሽ፣ ላንተ የተሳልኩት ስለት ልትዪው ነው?"

አባቴ፣ እስካሁን "ልንቀለው ወይ?" ብዬ የምጠይቅዎ መስሎዎት ከሆነ ይቅር ይበሉኝ። ትናንት ረፋድ ላይ፣ ጤዛው ከቅጠሉ ከደረቀ በኋላ ነቀልኩት። የእርስዎን መልስ ልጠብቅ ብል ሻጋታው አይጠብቀኝም። በእያንዳንዱ መስመር መጀመሪያ ላይ "ሚካኤል ይቅር በለኝ" እያልኩ ጀመርኩ፤ መሐል ላይ ስደርስ "ሚካኤል ያዝልኝ፣ መሪውን ያዝልኝ" ማለት ሆነ። ትንንሽ ፍሬ የያዘም ነበረበት፤ ዐይኔን ጨፍኜ ነቀልኩት። ማማ ፖኒ ወገቧን እያማረረች ከሌላው ጫፍ ነቀለች። ከምረን አቃጠልነው። እርጥብ ስለሆነ እሳቱ እምቢ አለ፤ ጭሱ እስከ ወንዙ ተኛ፣ ከዚያ በስንት መከራ ያዘ። ካላስ አለች ማማ ፖኒ፤ አለቀ ማለቷ ነው።

ከዚያ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ "መልአክሽ ሉቢያ አይበላም?" አለችኝ። መላእክት አይበሉም፤ ለነዳያን ነው የሚሰጠው አልኳት። "እሱማ ይሻላል። ይሄ ከተረፈ ከላዩ ቆንጥረን እንሰጠዋለን፤ አብረን ነው የነቀልነው" አለች። የእሷ ቤተ ክርስቲያን ስለት አይሳልም፣ ሥዕልም አይስምም። ሆኖም ከልጆቿ አፍ ቀንሳ ለኔ ሚካኤል ልትከፍል ተስማምታለች። እኔ አባቴን ልጠይቅ አልኳት።

ስለዚህ የሚከተለውን በትሕትና አመለክታለሁ። ቀኖናዬን ይላኩልኝ፤ ስግደት ከሆነ ግን ማሳ ሙሉ ጎንበስ ቀና ያልኩት ይታሰብልኝ። ሚካኤል በማሾ ፋንታ ሉቢያ፣ ያውም የሌላ ሰው ሉቢያ፣ ይቀበል እንደሆነ ከመጽሐፍ አይተው ይንገሩኝ። መጽሐፉ እንቢ ካለ እርስዎ እሺ ይበሉኝ።

ሌላው ይከብዳል። ይህን ስጽፍ መንገደኛው አልመጣም። ዛሬም ካስተም ሄጄ ነበር፤ ከኒሙሌ የገቡት ሁሉ አላየነውም አሉኝ። ይህ በደረሰዎ ማግስት ኪዳን ሲያደርሱ በስሙ ጠርተው እንዲያስቡልኝ እለምንዎታለሁ። የክርስትና ስሙን እንዳይጠይቁኝ፤ የለውም። ረፊቅ ብለው ይጥሩት። በለሆሳስ አይሁን፤ ሚካኤል እንዲሰማ ድምፅዎን አውጥተው ይጥሩት።

እግዚአብሔር ጉልበትዎን ያጽናልኝ፤ እስትንፋስዎን ለኪዳኑ ያቆይልኝ።

በጸሎትዎ የተንጠለጠለች
የንስሐ ልጅዎ