ሞተሩን ያቃጠልኸው አንተ አይደለህም

ውድ ባለቤቴ ሰማው፣

እንደምን ከርመሃል? እኛ በሕይወት አለን። ስልክህ ከተዘጋ ወዲህ ብቻዬን ማውራት ለምዶብኛል፤ ልጃችን እስከዳር ሰምታ «እማዬ፣ ከማን ጋር ነው የምታወሪ?» ትለኛለች። የፊተኛውን ደብዳቤ ይዞ አለህበት ወደተባለው መተማ የወረደው ሰው ሳያገኝህ ተመለሰ። አሁን ለሰሊጥ አጨዳ የሚወርዱ ጎረቤቶች አሉና ይህንን ለእነሱ እሰጣለሁ። ከደረሰህ፣ ከሁሉ በፊት ይህን እወቅልኝ፤ ሞተሩን ያቃጠልኸው አንተ አይደለህም።

ያን ቀን ከሞጣ ስንመለስ ከጎንህ ነበርሁ። ጋራዡ ሞተሩን ፈትቶ ገጥሞ «እንደ አዲስ ሆኗል» ብሎ አስረክቦህ፣ ሚኒባሳችንን ሰው ሞልተህ፣ እየሳቅህ ነበር የምትነዳው። ደብረ ወርቅ ሳንደርስ ከሆዷ መንኳኳት ተሰማ። ዳር ይዘህ ሳትጨርስ ሞተሩ ድርቅ ብሎ ቀረ። ተሳፋሪው እያጉረመረመ ወርዶ በእግሩ ሲሄድ፣ አንተ ጭሱ መሀል እጅህን አንጠልጥለህ ቆመህ ቀረህ።

የጋራዡ ባለቤት አካለ ወልድ «ሹፌሩ ውሃ ሳያይ ነድቶ ነው ያቃጠለው» አለ። ቢቸና ወሬው ቀድሞን ደረሰ። መናኸሪያ ውስጥ «ያ ሞተር ያቃጠለው» ይሉህ ጀመር፤ ሌላ መኪና የሚሰጥህ ባለንብረት ጠፋ። ይህን ሁሉ ችዬው ነበር። ያልቻልሁት አንተም ማመንህን ነው።

«ይርጌ፣ እውነት ውሃውን አይቼው ነበር?» አልኸኝ።

«ስትሞላ አይቼሃለሁ እኮ» አልሁህ።

አልሰማኸኝም። በማግስቱ ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ ትተህ ሄድህ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አታውቅም። ጋሽ ሀብተ ሥላሴን፣ ያን ጡረታ የወጡትን መካኒክ፣ ለምኜ ሞተሩን አስከፈትሁት። መኪናዋ ሥር ተኝተው የዘይቱን መያዣ ሲፈቱ፣ ዘይት በሚሳብበት አፍ ላይ የተወተፈ ጨርቅ መዘው አወጡ። እጅ መጥረጊያ ጨርቅ ነው፤ ጥቁር፣ የተጠቀለለ።

«ሲገጥሙ ረስተውት ነው። ዘይቱ አልወጣም። ውሃው ምን አደረገ!» አሉ።

«ይድናል?» አልኋቸው።

«ውስጡ ተበልቷል፣ ልጄ» ብለው እጃቸውን አራገፉ።

ሞተሩ አለመዳኑ የገባኝ ቆይቶ ነው። አንተን ነበር የማስበው። ጨርቁን በፌስታል አድርጌ ሞጣ ሄድሁ።

አካለ ወልድ ጨርቁን በጣቱ ጫፍ አነሳው። «የእኛ ለመሆኑ ምን ምልክት አለው?» አለኝ።

«ከእናንተ ወዲህ ይህን ሞተር የነካው የለም።»

ሠራተኞቹ መፍቻቸውን እንደያዙ ወደ እኛ ዞሩ። «ሞተር ግዛልኝ አላልሁህም» አልሁት። «ባሌ ቤቱን ጥሎ ሄዷል። በሰው ፊት ‹ጥፋቱ የኛ ነው› በልልኝ። ሌላ አልጠይቅህም።»

ከአጥሩ ውጭ ይዞኝ ወጣ። ግራ ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እህቴ፣ የኛ መሆኑን አውቃለሁ» አለኝ። «ይህን ካወጣሁ ግን ነገ መኪናውን ማን ያመጣልኛል? እነዚህ ልጆችስ ምን ይበላሉ?»

«የኔ ባልስ?»

ትቶኝ ተመልሶ ገባ።

ሽማግሌ ላክሁበት። በእነሱ ፊት ሽምጥጥ አድርጎ ካደ። «ምንም አላልኋትም፤ ጨርቁም የእኛ አይደለም። ባሏ ከሄደ ወዲህ አእምሮዋ ተነክቷል» አላቸው። አንዱ ሽማግሌ ሲመለሱ፣ «ልጄ፣ እስቲ ጠበል ግቢ» ብለው መከሩኝ። ይኸው አሁን አንተ ሞተር አቃጣይ፣ እኔ እብድ ሆነን ቀርተናል። በመናኸሪያው በኩል ሳልፍ ይንሾካሾካሉ። እኔም በዚያ በኩል መሄዱን ትቼዋለሁ።

መኪናዋ ግቢ ውስጥ ቆማለች። ዶሮዎቹ ከኋላ ወንበር ሥር ይጥላሉ። እስከዳር መሪው ላይ ተንጠልጥላ በአፏ እንደ ሞተር እያጓራች ትነዳለች። አንድ ቀን የት እየሄደች እንደሆነ ብጠይቃት «አባዬን ላመጣ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አልጠየቅኋትም።

ሰማው ሆዴ፣ ለሰው ማስረዳት ደክሞኛል። አካለ ወልድም አይናገር፤ ሀገሩም አይመነኝ። ይህን ወረቀት ግን አንተ የማታነበው ከሆነ፣ እውነቱን ማወቄ ለምን እንደጠቀመኝ አላውቅም። መምጣቱ ቢከብድህ አልፈርድብህም። ወደዚህ የሚመጣ ሰው ስታገኝ «ሰማሁ» ብለህ ላክብኝ። ያችን አንዲት ቃል እየጠበቅሁ እኖራለሁ።

ያንተው ይርጋነሽ
ከቢቸና