ይግባኝ ያልተባለበት ሽንፈት

…ሦስተኛው ፎቅ ላይ ስትደርስ ግድግዳውን ተደግፈህ ትቆምና ወረቀቱን ከኮትህ ኪስ አውጥተህ እንደገና ታነባለህ። «ደክሞኝ እንዳይመስልሽ» ትለኛለህ፣ «አንድ ቃል ልለውጥ ነው።» እስክሪብቶ ግን አልያዝክም። እኔ አንድ ደረጃ ዝቅ ብዬ ትንፋሽህን እቆጥራለሁ፤ መቁጠሬን እንዳታውቅብኝ ስልኬን እየነካካሁ…

አባዬ፣ ሰላምታዬን በቅጡ ሳላቀርብ ከደረጃው መካከል ጀመርኩብህ። ይቅርታ። ከተለየኸን ዛሬ ሃምሳ ሁለት ቀን ሆነ። አርባህን አውጥተናል። የእድሩ ወንበሮች ተመልሰዋል፤ አንዱ እግሩ ተሰብሮ ስለተገኘ ማን እንደሰበረው እስካሁን ክርክር አለ። አንተ ብትኖር መልሱን በጽሑፍ ታቀርብ ነበር።

ቤት ውስጥ የተለወጠው ብዙ አይደለም። እማዬ ኳስ ማየት ጀምራለች። ድምፁን አጥፍታ ነው የምታየው። የኛዎቹ የትኞቹ እንደሆኑ አትለይም፤ ለወደቀው ሁሉ «እኔን» ትላለች። የወደቀው ተነሥቶ ሲሮጥ ካየችው ደግሞ ትቆጣለች፣ ውሸታም ነው ብላ። ስንት ዓመት አብረሃት ኖረህ ያላስረዳኻትን ነገር በሁለት ቅዳሜ ደረሰችበት።

የምጽፍልህ ግን ስለ ጋሽ ከድር ነው። ሞትህን ስላልነገርናቸው።

አንተ ታውቀዋለህ፤ ሌላ ሰው ያነበው እንደሆነ ብዬ ነው ከሥሩ የምጀምረው። ልደታ፣ ፍርድ ቤቱ በር ላይ፣ ከአንድ ዣንጥላ ሥር የሰው አቤቱታ ስትጽፍ ዕድሜህን ጨረስክ። ጋሽ ከድር ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ልብስ ሰፊ ነበሩ። በአንድ ግቢ አርባ ዓመት ተጎራበታችሁ። ሰፈሩ ሲፈርስ የኮንዶሚኒየሙ ዕጣ ለእኛ ግራውንድ፣ ለእሳቸው ፊት ለፊት ያለውን ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ሰጠ። ከዚያ ጆሯቸው ደከመ። ስልክ አይረባቸውም፤ ሲጮኹባቸውም ይቀየማሉ። ስለዚህ የሳምንቱን የኳስና የመዝናኛ ወሬ በጽሑፍ ማቅረብ ጀመርክ፤ የምታውቀው አጻጻፍ አንድ ብቻ ስለሆነም በክስ መልክ።

ከሳሽ፦ የኛዎቹ። ተከሳሽ፦ እነዚያ። የክሱ ምክንያት፦ ተከሳሾች በትናንትናው ዕለት፣ ሰው ሁሉ ጫማውን ማሰር በጀመረበት ሰዓት፣ ያለ በቂ ምክንያት ጎል ስላገቡ። ማስረጃ፦ ሀ) ቫር (የዳኞቹ ቪዲዮ)፣ ለ) የሰፈሩ ሕዝብ ጩኸት። የክለቦቹን ስም፣ ያንተንም የእሳቸውንም፣ አንዳችሁም ጽፋችሁት አታውቁም። ሁለቱም ያሉት እግራችሁ ረግጦት በማያውቅ የእንግሊዝ ከተማ ነው፤ እናንተ ግን በዚህ ምክንያት ሁለት ረመዳንና አንድ ሁዳዴ ተኳርፋችኋል።

መዝናኛው ከወረቀቱ ጀርባ ነበር። አንድ ዘፋኝ አልበሙ ለፋሲካ እንደሚወጣ ለሦስተኛ ጊዜ ሲያስታውቅ «የትኛው ፋሲካ እንደሆነ ተጠሪ ግልጽ እንዲያደርግ ይታዘዝልን» ብለህ ጻፍክ። ከሁሉም በታች ያቺ የሥራህ ዓረፍተ ነገር ትመጣለች፦ ከላይ የተገለጸው ሁሉ እውነት መሆኑን አረጋግጣለሁ። ፊርማ። ጋሽ ከድር በስፌት እርሳሳቸው «የተከሳሽ መልስ» ይጽፉበታል።

አንተ ሐሙስ ዕለት ስትሞት እሳቸው ሆስፒታል ነበሩ፣ ልባቸው ላይ ትንሽ መሣሪያ ተገጥሞላቸው። ሐኪሙ ድንጋጤ እንዳይነካቸው ብሎ ነበር። ልጃቸው ሙኒራ ከቀብርህ መልስ እጄን ይዛ «አስቱ፣ አባዬ ትንሽ ይጠንክርልኝ፣ ከዚያ መርዶውን እናረዳዋለን» አለችኝ። ትንሽ ማለት ስንት ቀን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። «ተፈራ ጉልበቱን ታሞ ደረጃ ተከልክሏል» አልናቸው። አመኑ። ጉልበትህን ስለምናውቀው ግማሹ ውሸት አልመሰለኝም። ከሆስፒታል በወጡ በመጀመሪያው ቅዳሜ ግን፣ ወረቀቱ የታለ አሉ።

ጻፍኩት። ወደ ግራ የሚያዘነብለውን ጽሕፈትህን አስመስዬ። እውነት መሆኑን አረጋግጣለሁ ከሚለው ሥር ፊርማህን አስቀመጥኩ። ፊርማው ተጣመመ፤ ያንተም ይጣመም ስለነበር አልታወቀብኝም።

በጥቁር ልብስ ልወጣላቸው አልችልም። ቅዳሜ ቅዳሜ ጥቁሩን አውልቄ ቀዩን ሹራብ እለብስና መንገዱን አቋርጬ አራት ፎቅ እወጣለሁ። አንድ ቀን እትዬ ዘነበች ከሱቃቸው ደጃፍ «የዘንድሮ ልጅ! አባቷ ሳይቀዘቅዝ በቀይ!» አሉ፣ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ። መንገዴን ቀጠልኩ። ወረቀቱ በብብቴ ነበር።

ጠያቂ ሲመጣ ሙኒራ በር ላይ ታስጠነቅቃለች። አንዱ ሰውዬ ረስቶት፣ እፊታቸው፣ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አለኝ። ጋሽ ከድር «ምን ይላል?» አሉ። ጆሯቸው አዳነን። ጨዋታው ስንት ለስንት አለቀ ነው የሚለው ብዬ ጮህኩላቸው። «አንድ ለባዶ በይው» አሉ።

አራት ወረቀት በሰላም አለፈ። እንዲያውም በአራተኛው ላይ ሳቁ። ስለ ሠርግ የጻፍኩት ነበር፤ አንድ ተዋናይ ሠርጉን በድሮን ሲያስቀርጽ ድሮኗ በድንኳኑ ገመድ ተጠልፋ፣ ሽማግሌዎች በከዘራ አወረዷት። «ተፈራ ጉልበቱ እንጂ አፉ አልታመመም» አሉ። ወደ ቤቴ ስመለስ ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ ደስ ማለቴ አስፈራኝ።

ስህተቱ ያለፈው ቅዳሜ መጣ። እነዚያ የኛዎቹን ሦስት ለባዶ አሸነፉ። ጥርት ያለ ሽንፈት፤ ቫርም አልገባበትም። ጋሽ ከድር መድኃኒት ተቀይሮባቸው ያን ሳምንት ፊታቸው አመድ መስሎ ነበርና ደስ ይበላቸው ብዬ «እነዚያ በልጠው ተጫውተዋል። እንኳን ደስ አለህ» ብዬ ጻፍኩ።

አነበቡት። ገለበጡት። እንደገና አነበቡት።

«አስቱ፣ ይግባኙ የታል?»

አባዬ፣ በዕድሜህ ሙሉ ይግባኝ ሳትል የተቀበልከው ሽንፈት የለም። አንድ ጊዜ አምስት ሲያስቆጥሩብን እንኳ «ሜዳው ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ስለሚመስል ባለሙያ ሄዶ ይለካልን» ብለህ ጠይቀሃል። እኔ ጎሉን ተከታተልኩ፣ ቅጣት ምቱን ተከታተልኩ፣ አንተን ረሳሁ። ያጋለጠን ክፋት ወይም ስንፍና ቢሆን ባልቆጨኝ። ትሕትና ነው ያጋለጠን።

«ሰውየው ታሟል» አሉ። «ተፈራ በጤናው እንኳን ደስ አለህ አይለኝም። ደብቃችሁኛል።»

«ጉልበቱ ነው ጋሼ!» ብዬ ጆሯቸው ላይ ጮህኩ።

«ጉልበት ይግባኝ አይከለክልም» አሉኝና ከዘራቸውን አነሡ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ደረጃ ይለማመዱ ጀመር። እሱ መውጣት ካልቻለ እኔ እወርዳለሁ ብለው። ሰኞ አምስት ደረጃ። ረቡዕ ሦስተኛ ፎቅ። ሙኒራ ወንበር ይዛ ከኋላ ትከተላለች። ዓርብ ዕለት ወንበሩን ልታመጣ ስትመለስ አምልጠዋት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ከአንዲት ጎረቤት ጋር ቆመው አገኘቻቸው። ሴትዮዋ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ አንሥታ አፏን ልትከፍት ነበር። ሙኒራ ክንዷን ይዛ ወደ ቤቷ አስገባቻት። መርዶ እንዲህ ደረጃ ላይ ሊሰማ ነበር፤ በከዘራ ተደግፎ፣ ከማያውቁት ሰው አፍ፣ የሚይዝ ወገን ሳይኖር።

ሙኒራ እሑድ ጠዋት ይነገር አለች። እኔ አንድ ሳምንት ጨምሪልኝ አልኳት። ስለ ልባቸው ብዬ ነው አልኳት። ላንተ እውነቱን ልንገርህ፤ ስለ ልባቸው አልነበረም። በዚህ ሰፈር አንተ እስካሁን በሕይወት ያለህበት ቤት እሱ ብቻ ነው። እዚያ ጉልበትህን ታመህ ትተኛለህ፣ በዳኛው ትናደዳለህ፣ ትጽፋለህ። ቀዩን ሹራብ ለብሼ ያን ደረጃ ስወጣ እኔም ለአንድ ሰዓት አባት ያላት ሴት ነኝ። ስወርድ አይደለሁም።

«ደረጃውን ቢጨርስስ?» አለች ሙኒራ። እሺ፣ እሑድ ይሁን አልኳት።

ትናንት ቅዳሜ ወረቀቱን አልሰጠኋቸውም። ነገ አመጣዋለሁ አልኳቸው። ስለዚህ የዚህን ሳምንት ላንተ ላቅርብ፣ በራሴ ጽሕፈት።

የኛዎቹ ባለፈው እሑድ አቻ ወጡ። ጎሉን ያገባብን የራሳችን ተከላካይ ነው፤ አመታቱ ግን ግሩም ነበር፣ በተቃራኒው በር ቢሆን ሐውልት ያቆሙለት ነበር። አሠልጣኙ ጨዋታውን ተቆጣጥረነው ነበር አለ። ማክሰኞ ክለቡ በአሠልጣኙ ሙሉ እምነት አለኝ ብሎ አስታወቀ፤ ሐሙስ አሰናበተው። ሙሉ እምነት አለን ያሉህ ቀን ሻንጣህን አዘጋጅ ትል ነበር። የእነዚያ ግብ ጠባቂ ሰዓት አባከንክ ተብሎ ቢጫ ካርድ አየ፤ ቡድኑ እየተመራ ነበር። ለማን ብሎ እንዳባከነ አልታወቀም። አንድ የጎዳና ሩጫ ላይ ደግሞ መሪው ሯጭ ከፊቱ ያለውን ሞተረኛ ተከትሎ መንገድ ሳተ፤ ሞተረኛው ነዳጅ ሊቀዳ ነበር የታጠፈው። አብሮት ሰልፍ ያዘ ይላሉ። ይህን አላጣራሁም።

መዝናኛ፦ የዘፋኙ አልበም ለመስቀል ተላልፏል። በተከታታዩ ድራማ ራሷን ስታ የተኛችው ሴት አሥራ አንደኛ ክፍሏን ይዛለች። ሐኪሞቹ ተስፋ ቆርጠዋል፣ ቅንድቧ ግን በየሳምንቱ ይታደሳል። እማዬ ነች ያስተዋለችው።

ይኸው ነው። ይግባኙን ልጽፍ ተቀምጬ ቆም አልኩ። አቻ ለወጣ ጨዋታ ይግባኝ ይባላል? ከብዙ ነገር ሁሉ ሳልጠይቅህ የቀረሁት ይሄ ሆኖ አረፈው።

ድምፅህን እረሳዋለሁ ብዬ እሰጋለሁ፤ በስልኬ ላይ ያለኝ አንድ ቅጂ ብቻ ነው፣ እሱም ላይ ታስላለህ። ጽሕፈትህን ግን አልረሳም፤ እጄ ውስጥ ገብቷል። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር አስብሃለሁ። የሚያነበው ባይኖርም እጽፋለሁ፣ ሲሸነፉም ሲያሸንፉም።

ዛሬ ጠዋት፣ የሱብሂ ሶላት ካለቀ በኋላ፣ ገና ሳይነጋጋ ታች ተሰበሰብን። የእድሩ ዳኛ፣ ከመስጊድ ሁለት ሽማግሌዎች፣ ከድሮው ግቢ ሦስት ጎረቤቶች፣ እኔ። ጥቁሬን ለብሻለሁ። ያንን ደረጃ በጥቁር ስወጣው የመጀመሪያዬ ነው። የእድሩ ዳኛ ሁለት ጊዜ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አራተኛ ፎቅ ላይ ጫማችንን አወለቅን፤ ሙኒራ ሳናንኳኳ ከፈተች። ዓይኗ ቀልቶ ነበር።

የመተላለፊያው መብራት ወደ ውስጥ ሲገባ ጋሽ ከድር አይተውት ነው መሰለኝ፣ እንደ ልማዳቸው ጮክ ብለው ከጓዳ ተጣሩ።

«አስቱ ናት? ወረቀቱን ይዛለች?»

ሽማግሌዎቹ ቀድመው ገቡ። ጎረቤቶቹ ተከተሉ። የመጨረሻዋ እኔ ነበርኩ። ገባሁና በሩን ከኋላዬ ዘጋሁት።