በአረፋ ዕለት በአንድ አፍ ያልነው ሰላምታ

ይድረስ አሥመራ ለምትኖሪው ለእናቴ ልጅ ለእታለም። ከተለያየን ወዲህ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ያገራችን ብርድ የተከለብሽ ሳል ተወሽ ወይስ ተከትሎሽ ሄደ? ባልሽ ወልደ ሐዋርያት ደኅና ነው? ማሬ አደገ? ታይቱስ ፊደል ለየች? እኔ ወንድምሽ ጓንጉል፣ ፈጣሪ የተመሰገነ ይሁንና፣ ቆሜ እሄዳለሁ፣ አርሼ እገባለሁ። ደኅና ነኝ ብዬ ግን አልጽፍልሽም። ፈርቻለሁ እታለም። በጣሊያን ጊዜ ዋሻ ውስጥ ተደብቀን ሳለን እንኳ እንዲህ አልፈራሁም።

ይህን የጻፍኩት በራሴ እጅ ነው። ጸሐፊ ፈልግ አሉኝ፤ እምቢ አልኩ። ለጸሐፊ መናገር ሊኖርብኝ ነው፤ የኔን አፍ ሲጠብቅ ቀለሙ ይደርቅበታል። በልጅነቴ ከቄሱ ዘንድ የለቀምኳት ፊደል ትበቃኛለች። ብትጣመምብሽ አትሳቂ፤ ብዕር ይዘገያል እንጂ አይንተባተብም።

ፍርሃቴን እንድትረጂልኝ መጀመሪያ ስለ ይማም ልንገርሽ። ይማም የሰቆጣ እስላም ነው፣ ሸማኔ። አንቺ ካገር ከወጣሽ በኋላ ነው የተዋወቅነው። እሱም እንደኔ አፉ ይያዛል። ሰቆጣ ገበያ ላይ የጋቢ ዋጋ ልጠይቀው «ስ... ስ... ስንት» ስለው፣ እሱም «አ... አ...» አለኝ። የሚያሾፍብኝ መስሎኝ ዱላዬን አነሳሁ። ለካ እሱም ያሾፍኩበት መስሎት ኖሯል፣ ድንጋይ ጨብጦ ተነሳ። አንዲት ቅቤ ሻጭ መሀላችን ገብታ «ኧረ እናንተ ሰዎች፣ ሁለታችሁም የምራችሁን ነው!» ብላ ገላገለችን። ከዚያ ወዲህ ወንድሜ ነው።

እኛ አፋችን የሚያዝ ሰዎች የምናውቀው አንድ ነገር አለ። ለብቻ ስንናገር የሚታሰረው ምላስ፣ ሁለት ሆነን አንዱን ቃል እኩል ስንለው ይፈታል። ለምን እንደሆነ እንጃ። ስለዚህ የበዓል ሰላምታችንን አብረን ነው የምንለው። በኢድና በአረፋ እኔ እሱ ቤት እወርዳለሁ፤ በገናና በፋሲካ እሱ እኔ ቤት ይወጣል። መሬቱን በዱላ መታ እናደርግና «እንኳን አደረሰን» እንላለን። ሰው ይስቃል። «አንተ ምን አረፋ አለህና ነው አደረሰን የምትለው?» ይለኛል። ወዳጄን በሕይወት ካገኘሁት ለኔም ደርሶልኛል እላለሁ፤ ማለቴ፣ እላለሁ ብዬ አስባለሁ፤ እስክለው ድረስ ጠያቂው ሄዷል።

ምግቡም ወግ አለው። የይማም ሚስት ዘሀራ ለኔ ብላ የለየችው ድስት አላት። በጉን ይማም ያቀርባል፣ እኔ በስመ አብ ብዬ አርዳለሁ። እኔ ቤት ሲመጣ ደግሞ በጉን እኔ አቀርባለሁ፣ ቢላዋውን አጥቤ እሰጠዋለሁ፣ እሱ ቢስሚላህ ብሎ ያርዳል። ጥሩሐረግ በሕይወት ሳለች የሱን ድስት ለይታ አስቀምጣ ነበር። ይኸው ሚስቴ ከሞተች ወዲህም ድስቱ እንደተለየ ነው። እሷ ያቆመችውን እኔ አላፈርስም።

ዘንድሮም ለፋሲካ ይማም ከሰቆጣ ማልዶ መጣ። አረደ፣ በላን፣ ተጫወትን። ጸሐይ ስታዘቀዝቅ እስከ ወንዙ ሸኝቼው ተመለስኩ። በዚያው ቀን የግራዝማች ይግዛው በቅሎ ከመስክ ጠፋች። ጠባቂዋ ሊፈስክ ቤቱ ገብቶ ኖሯል። ፍለጋ የወጡት ሎሌዎች መንገድ ላይ ያገኙት ይማምን ነው። «እስላም በፋሲካ በክርስቲያን አገር ምን ይሠራል?» አሉት። እንኳን አደረሰህ ልል መጥቼ ነው ሊል ነበር፤ «እ... እ...» ላይ ቀረ። «ምላሱ ተያዘ፣ ሌባ ነው» ብለው የኋሊት አሰሩት። በቅሎ አብራው የለች፣ ልጓም የለው፣ የያዘው ለዘሀራ የቋጠረውን ሥጋ ብቻ ነው። ወስደው ሰቆጣ እስር ቤት ከተቱት።

ይማም በግቢዬ ሲያርድ ጎረቤቱ ሁሉ አይቷል። ግራዝማች ፊት ሲደረስ ግን ያየ ሰው ጠፋ። አንዱ ያን ቀን አሞኝ ነበር ይላል፣ አንዱ ጢስ ዓይኔን ጋርዶኝ ነበር ይላል። ምስክሩ እኔ ብቻ ሆንኩ።

በመጀመሪያው ቀጠሮ ቀርቤ ዳኛው ስሜን ጠየቁኝ። ስሜን እኮ ነው እታለም! «ጓ» ላይ ቆምኩ። ችሎቱ ሳቀ። በአገውኛችን ቢሆን ትንሽ ይሻለኝ ነበር፤ ችሎቱ ግን ያማርኛ ነው። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይላል ሰው፤ የኔ እኮ ካፍም አልወጣ። ዳኛው ክፉ ሰው አይመስሉም፤ ደጃቸው ላይ ብዙ ባለጉዳይ ተኮልኩሏል። «ቶሎ ይበሉ እንጂ አባት» አሉኝ። ቶሎ በል ሲሉኝ ደግሞ ጭራሹን ይዘጋል፣ ታውቂዋለሽ። በመጨረሻ ለግንቦት ሚካኤል ማግስት ቀጠሩና፣ ያን ቀን ካልተናገርኩ ምስክር እንደሌለ ይቆጠራል አሉ።

አማቼ ምንዋጋው፣ የልጄ የአገኘሁሽ ባል፣ «እኔ ልናገርልዎ» አለኝ። አፉ ቅቤ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ አንቺ ትናገሪልኝ ነበር፤ ራበው፣ ጠማው፣ እገሌ መታው እያልሽ። ካንቺ በኋላ ጥሩሐረግ ተናገረችልኝ። እናንተ ግን የምትናገሩት በልቤ ያለውን ነበር። ምንዋጋው ግራዝማችን ይፈራል። ቢናገርልኝ «ይማም መጥቶ ነበር፤ መቼ እንደሄደ ግን አላስተዋሉም» ይላል። ያችው አንዲት ቃል ይማምን እስር ቤት ታስቀረዋለች። አፌን ለሰው አላውስም አልኩት። ሽማግሌው ኮራ አሉ። ይበሉ።

ከዚያ በኋላ ነው ፍርሃቱ የገባብኝ። ግራዝማች አልዛተብኝም። በማኅበር ላይ ተቀምጦ «ጓንጉል አርጅቷል፤ ክረምት ሲገባ በሬዎቹ ቢጠፉ ማን ያርስለታል?» ብሎ አዘነልኝ አሉ። እንዲህ ያለውን ሐዘኔታ ታውቂያለሽ። አሁን በሬዎቼን ከዓይኔ አልለይም። ውሻ በጮኸ ቁጥር ዱላዬን ፍለጋ እነሳለሁ፤ ለካ በእጄ ይዤው ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ እኔ ዘንድ እያደረ የጠራው ፍርሃቱ ነው።

ባለፈው ዓርብ አረፋ ዋለ። አገኘሁሽ «አባዬ፣ ዘንድሮስ ይቅርብዎ፣ የግራዝማች ሰዎች ያዩዎታል» ብላ እግሬ ላይ ወደቀች። እኔ ሳልሄድበት የዋለ አረፋ የለም ብዬ ወጣሁ። መንገድ ላይ ስንት ጊዜ ቆምኩ፤ ዳገቱ ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ፣ ቁልቁለት እየወረድኩ። ዘሀራን እስር ቤቱ ደጅ ስንቅ ይዛ አገኘኋት። ስታየኝ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። «አባ ጓንጉል፣ ለዛሬም መጡ?» አለችኝ። ዘንድሮ በግ አላሰረችልኝም፤ የኔን ድስት ግን አጥባ እንዳስቀመጠችው ነገረችኝ።

ዘበኛው «ሰላምታ ብቻ፣ ወሬ የለም፣ ቶሎ!» ብሎ ይማምን ወደ አጥሩ አመጣው። ከስቷል፣ ጢሙ ነጭ ሆኗል። ሁለታችንም አፋችንን ከፍተን ቆምን፤ አንዲት ፊደል አልወጣችም። ዘበኛው «ምነው፣ ዓሣ ናችሁ እንዴ?» ብሎ ሳቀብን። ይማም ያን ጊዜ በእግሩ መሬቱን መታ አደረገ፣ እኔም በዱላዬ። «እንኳን ለአረፋ በሰላም አደረሰን!» አልን፣ ሳንሰበር፣ ሳንደናቀፍ፣ በአንድ አፍ። እስረኛው ሁሉ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ «አሜን» አለ። አልደብቅሽም፣ ለዚያች ቅጽበት ፍርሃቱ ከላዬ ወረደ።

የዘበኛው ሳቅ ግን ቆመ። «አሃ! ስትፈልጉ ትችላላችሁ ለካ!» አለን። «አፋችሁ የሚያዘው ዳኛ ፊት ብቻ ነው?» ይማም ሊያስረዳው ሞከረ፤ ያው ተያዘ። «ደግሞ ጀመረው!» አለና ዘበኛው ገፈተረው። ይማም ወደ ውስጥ እየተገፋ ወደኔ ዞሮ «ተ... ተው ጓንጉል፣ በ... በሬህን ጠብቅ፣ እኔን አ... አላህ ያውቀኛል» አለኝ። የበሬዎቼ ወሬ እስር ቤትም ደርሶ ኖሯል። ይህችን ለማለት ስንት ጊዜ እንደወደቀና እንደተነሳ እኔ ነኝ የማውቀው።

ወሬው ዳገቱን ከኔ ቀድሞ ወጣ። ቤቴ ስደርስ ጓንጉልና ሸማኔው ተማክረው ነው የሚንተባተቡት ይባላል። ግራዝማችም ያን ዘበኛ ምስክር አድርጎ ሊያቀርበው ነው አሉ። እንግዲህ አስቢው እታለም። ችሎት ፊት ብንተባተብ አስመሳይ እባላለሁ፤ ባልንተባተብ ያጠናውን ተናገረ እባላለሁ። ወዳጄን እንኳን አደረሰህ ያልኩበት አፍ እሱኑ ሊያስርብኝ ነው። ይህ ነው ያስፈራኝ፤ ከበሬዎቹ ይልቅ ይህ።

ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባቴን ቄስ ገብረ አምላክን ለእስላም ብሎ በመስቀል መማል ኃጢአት ይሆንብኝ እንደሆን ጠየቅኋቸው። ጠይቄ እስክጨርስ ሕዝቡ ሁሉ ቤቱ ገብቷል። አባ ቆመው ጠበቁኝ። «የምትምለው በዓይንህ ስላየኸው ነው፤ ዓይን ደግሞ ያየውን ሃይማኖትህ ምንድን ነው ብሎ አይጠይቅም» አሉኝ። ቀጥለውም «እኔ የማይገባኝን ግዕዝ ቶሎ ቶሎ ብዬ አልፈዋለሁ፤ አንተ የገባህን ቀስ ብለህ በለው» ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ቤቴ ስደርስ ግን ፍርሃቱ ደጃፌ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት።

ልሽሽም አስቤ ነበር፣ አልዋሽሽም። ደሃና አገር ካሉት ከጥሩሐረግ ዘመዶች ዘንድ በሬዎቼን ነድቼ ሄጄ ክረምቱን እዚያው ላሳልፍ ብዬ አህያዬን ጫንኩ። መጫኛውን ሳጠብቅ ይማም ችሎት ቆሞ በዓይኑ ሲፈልገኝ ታየኝ። አንዱን ሰው አይቶ፣ ሌላውን አይቶ፣ እኔን ሲያጣ። ጭነቱን ፈታሁት።

እንግዲህ በቀጠሮው ቀን እቆማለሁ። ከስሜ እጀምራለሁ፤ ስሜ ላይ ሳለሁ ጸሐይ ብትዞር ትዙር። ቀጥዬ ፋሲካ ነበር እላለሁ። ይማም መጣ፣ በግቢዬ አረደ እላለሁ። እስከ ወንዙ ሸኘሁት፣ በቅሎ አብራው አልነበረችም እላለሁ። ቢስቁ ሳቃቸውን እስኪጨርሱ ጠብቄ ከቆምኩበት እቀጥላለሁ። እየፈራሁ ነው የምናገረው። ፍርሃቱ እስኪለቀኝ ብጠብቅ ይማም እስር ቤት ያረጃል።

አንቺ ልምጣ እንዳትይ። መንገዱ ሩቅ ነው፣ ልጆችሽን አትበትኚ። ደብዳቤውን ወደ ኮረም ለሚወርዱ ነጋዴዎች እሰጣለሁ፤ ከኮረም በመኪና ከቀጠሮው በፊት ይደርስሻል ብለውኛል። አንድ ነገር ብቻ አድርጊልኝ። ከድሮ ጀምሮ ምላሴ እንዲፈታ ስትሳዪልኝ እንደኖርሽ አውቃለሁ። አሁን ስለ ምላሴ አትሳዪ፤ እሱ ከኔ ጋር አርጅቷል፣ ጠባዩን አይለውጥም። ስለ ዳኛው ጆሮ ተሳዪልኝ። ግንቦት ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ስትሳለሚ፣ ነገ ወንድሜ ሲናገር ዳኛው ይጠብቁት ብለሽ ለምኚ። የማወራውን እኔ አውቀዋለሁ፤ እስክጨርስ የሚጠብቀኝ ሰው ነው ያጣሁት።

ለወልደ ሐዋርያት ከፍ ያለ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ እህቴን ስለያዘልኝ አመሰግነዋለሁ። ታይቱን ግንባሯን ሳሚልኝ። ማሬ ዘንድሮ አፉ መያዝ ጀመረ ብለሽ ልከሽብኝ ነበር። አታስደንግጡት፣ ቃሉን ካፉ አትንጠቁበት፤ ቁጭ ብላችሁ ስሙት፣ ይመጣል። ለእስላም ጎረቤቶችሽም ከኔና ከይማም እንኳን ለአረፋ አደረሳችሁ በያቸው። አገኘሁሽ እጅ ትነሳለች። ምንዋጋው ተቀይሞኛል፣ ቢሆንም ሰላም በሉልኝ ብሏል። ዘሀራ ሳታውቅሽ ሰላም ብላሻለች። የጥሩሐረግን መቃብር አጥር ለፋሲካ አድሼዋለሁ፤ በዚያ በኩል አታስቢ።

እግዚአብሔር በሰላም ያገናኘን።

ወንድምሽ ጓንጉል

ዋግ፣ ፃግብጂ፣ እሑድ ሚያዝያ ፳፯ ቀን ፲፱፻፶፭ ዓ.ም.