እሺ ያሉኝ ሰዎች

እሑድ፣ ጧት 7፡10፣ አውቶቡስ ውስጥ

ዛሬም ቆሜ ነው የምጽፈው። ሾፌሩ ፍሬን በያዘ ቁጥር ፊደሌ ይንሸራተታል፤ ቻይኝ ደብተሬ። ቁጥር፦ መቶ አሥራ ስድስት። ከፌርማታው ለሁለት ሰው ደወልኩ፣ ሁለቱም እሺ አሉኝ። ስለዚህ መቶ አሥራ ስምንት። ቀኑ ገና ሳይጀመር!

ነገሩን ላንቺም ልንገርሽ፣ ነገ ተነገ ወዲያ ሳነበው እንዳልደናገር። የፓርቲያችን የናታንያ ቅርንጫፍ፣ እኛ «ስኒፍ» የምንለው፣ በሚመጣው ሳምንት ሐሙስ ለከ/ም/ቤት የሚቀርቡትን ዕጩዎች በተራ ይመርጣል። ከተማ ምክር ቤት ማለቴ ነው፤ እያሳጠርኩ እጽፋለሁ። አንደኛውና ሁለተኛው ቦታ አልቆለታል። ሦስተኛው ክፍት ነው። ሦስተኛ የወጣ ከ/ም/ቤት ይገባል፣ አራተኛ የወጣ ፖስተር ይለጥፋል። እኔ አሥር ዓመት ፖስተር ለጥፌአለሁ። ይበቃኛል።

ተፎካካሪዬ ከኢር ያሚም፣ ከባሕር ዳሩ አዲስ ሰፈር፣ የመጣ ጠበቃ ነው። ደህና ሰው። ሸሚዙም ደህና ነው። አቭነር፣ የስኒፉ ሊቀ መንበር፣ ለሁለታችንም ያለን አንድ ነገር ነው፦ ሐሙስ መጥተው የሚመርጧችሁን አባላት ስም እስከ ረቡዕ ቀትር አምጡ፤ ብዙ ስም ላመጣው ድጋፌን እሰጣለሁ። የአቭነር ድጋፍ ማለት ግማሽ ስኒፍ ማለት ነው።

ስም አምጪ? ለእኔ? በሰፈራችን በራማት የዲዲም ያላንኳኳሁት በር የለም። ስኒፍ ውስጥ ሲጋል ይሉኛል፣ ሰፈር ውስጥ ስንታየሁ ነኝ፣ ስንቱ። በሁለቱም ስሜ ጠበቃውን እቀድመዋለሁ።

ደረስኩ። ሥራ።

ማክሰኞ፣ ከቀትር በኋላ 5፡40

ከሥራ በቀጥታ ወደ ራማት የዲዲም። አንድ ሕንፃ፣ አራት ፎቅ፣ አሳንሰር የለ። ሰባት ቤት፣ ሰባት እሺ። እግሬ አልቋል፣ ልቤ ግን ይጨፍራል።

አባ ፈረደ በሩን ሳይከፍቱ እሺ አሉኝ ማለት ይቻላል። ግቢ፣ ቁጭ በይ፣ ጠጪ፣ እናትሽ ደህና ናት፣ እሺ። ለምን እንደመጣሁ የነገርኳቸው ከእሺው በኋላ ነው። ዝርዝሬ ላይ አረንጓዴ ምልክት። እማ ጥሩወርቅ ደግሞ እጄን ይዘው መረቁኝ፦ «ያንቺ ነገር ካልሆነልኝ የማን ሊሆንልኝ ነው? እሺ ልጄ፣ ክፉ አይንካሽ።» አረንጓዴ ምልክት፣ ከሥሩ መስመር ጭምር።

ይህ የከ/ም/ቤት ወንበር ለምን እንደሚያስፈልገኝ እዚያው እንደገና አየሁት። የእማ ጥሩወርቅ ሕንፃ የሮኬት መጠለያ ከምድር በታች ነው። አሥራ ዘጠኝ ደረጃ፣ መደገፊያ የሌለው፣ መብራቱ አንድ ቀን በርቶ አንድ ቀን የሚጠፋ። ሳይረን ሲጮኽ እሳቸው አይወርዱም። እንዴት ይወርዳሉ፣ በዚያ ጉልበት! ሁለተኛ ፎቅ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ዳዊት ይደግማሉ። በኢር ያሚም ፎቆች እያንዳንዱ ቤት የራሱ የተጠናከረ ክፍል አለው። ጠበቃው ሳይረን ሲሰማ ከሳሎን ወደ ጓዳ ይሻገራል፣ አለቀ። በእሱ አልፈርድም። ግን ከ/ም/ቤት ውስጥ መደገፊያ የሌለው ደረጃ ምን እንደሆነ በእግሩ የሚያውቅ አንድ ሰው ይኑር።

ተናድጃለሁ። ጥሩ ንዴት ነው፣ ያስኬዳል።

ዓርብ፣ 2፡30፣ ሻማ ሳይበራ

መቶ ሠላሳ አንድ። ደግሜ ልጻፈው፦ መቶ ሠላሳ አንድ!

አቭነር በስልክ ስንት ደረስሽ አለኝ። ነገርኩት። ቁጥሩን ድገሚልኝ አለ። አቭነርን ማስደነቅ ራሱ አንድ ምርጫ ማሸነፍ ነው። ከዚያ ሐሙስ ማታ የምናገረውን ንግግር ከወዲሁ እንዳዘጋጅ መከረኝ። አዘጋጅቻለሁ እኮ፤ ያዘጋጀሁት ባለፈው ክረምት ነው። ለእሱ አልነገርኩትም።

የዝርዝሩ አንደኛ እናቴ ናት። ለወጉ ያህል ጠየቅኋት። እሺ አለችና ልብሷን ማጠፍ ቀጠለች። ሁለተኛዋ እኅቷ፣ አክስቴ ዘውዴ። እሷም እሺ። ይኼ ሁሉ ሰው ከኋላዬ ቆሞ አቭነርም ጠበቃውም ምን ያመጣሉ? ሰንበት ሊገባ ነው። ሻማዎቹን ላውጣ። ሰላም ሰንበት፣ ደብተሬ።

እሑድ፣ ጧት 6፡50

ትናንት ሰንበት ስለነበረ አልጻፍኩም። ሌሊቱን ሙሉ ግን በሆዴ ስጽፍ አደርኩ።

ከምሳ በኋላ ከአሸር ጋር በባሕሩ ገደል አናት ያለውን መንገድ ይዘን ወክ አደረግን። አሸር የአክስቴ የዘውዴ ልጅ ነው፤ ባሕር ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ የጥገና ኃላፊ። ደግሞ፣ ስቀሽ ሙቺ ደብተሬ፣ የጠበቃው ቀኝ እጅ። ቤተሰብ ሌላ፣ ፖለቲካ ሌላ ተባብለን ተስማምተናል፤ በሰንበት በሰንበት አብረን እንሄዳለን፣ እንበሻሸቃለን።

ስንት ሰው አለሽ አለኝ። ከአንተ ይበልጣል አልኩት። ሳቀ። «ስንቱ፣ በሴደር፣ ይሁን፣ እንይ፤ አንድ ስም እኔ ልጥራ፣ አንድ አንቺ።» በሰንበት ስልክ አይወጣ፣ ወረቀት አይገለጥ፤ በቃላችን ሆነ። እሱ አባ ፈረደ አለ። እኔ፣ አባ ፈረደማ የኔ ናቸው አልኩ። እኔ እማ ጥሩወርቅ አልኩ። እሱ ቆመ፣ እሳቸው እኮ መርቀውኛል አለ። ሃያ ስም ጠራን። ሃያውም የሁለታችን። አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን እንባችን እስኪመጣ ሳቅን፤ ሯጮቹ ዞር እያሉ ያዩናል።

ሳቄን ያቆመው የመጨረሻው ስም ነው። ቀስ ብሎ፣ እያፈረ ነገረኝ። እናቴ።

እናቴም እሺ ብላዋለች።

ሰኞ፣ 1፡15፣ ምሳ ላይ

ሥራዬን ነግሬሽ አላውቅም መሰለኝ። ክሊኒክ ውስጥ በሐኪሞቹና በእኛ ሽማግሌዎች መካከል አስተርጓሚ ነኝ። አሥራ ሁለት ዓመቴ። ዛሬ አንዲት አዲስ ሐኪም ለአንድ አዛውንት የስኳር መድኃኒት አዘዘች። ገባዎት ስትላቸው እሺ አሉ። እሷም ደስ ብሏት ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች። እኔ አስቆምኳት። ለአዳዲስ ሐኪሞች ሁሉ የምለውን አልኳት፦ እኚህ ሰው እሺ ያሉት አንቺን ለማክበር ነው። ይወስዳሉ ወይ አትበይ፤ ስንት ሰዓት ይወስዳሉ፣ ከምን ጋር፣ ማን ያስታውስዎታል በይ። መልስ ካላቸው ይወስዳሉ። ከሌላቸው አይወስዱም።

ይኼን ብዬ ሳልጨርስ ፊቴ ጋለ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች! አሥራ ሁለት ዓመት ለሐኪም ሁሉ ያስተማርኩትን፣ በገዛ ምርጫዬ ጊዜ መቶ ሠላሳ አንድ ጊዜ ረሳሁት። በአረንጓዴ እስክሪብቶ።

ግድ የለም። መድኃኒቱን የማውቀው እኔው ነኝ። ዛሬና ነገ በር ለበር እንደገና።

ማክሰኞ፣ ከቀትር በኋላ 6፡20

ሁለት ቀን፣ ስድሳ ቤት፤ የቀሩትን በስልክ። ትመርጡኛላችሁ አላልኩም። ሐሙስ ስንት ሰዓት ትመጣላችሁ፣ ማን ያመጣችኋል አልኩ።

መልስ ያላቸው ሃያ አራት። ከወንድሜ ጋር፣ ከሥራ ስወጣ፣ በአራት ሰዓት አውቶቡስ እያሉ ነገሩኝ። እነዚህ ይመጣሉ፣ የኔ ናቸው፣ በእነሱ ላይ ቤት ይሠራል። የቀሩት ወሬ ለወጡ። አባ ፈረደ ስለ ጉልበታቸው አወሩኝ። እማ ጥሩወርቅ ስለ ልጅ ልጃቸው ውትድርና። ሐሙስ ባልኩ ቁጥር ዓይናቸው ወደ መስኮቱ ይሄዳል። የሚዋሽ ሰው ዓይን አይደለም። የሚያዝን ሰው ዓይን ነው። አልገባኝም፤ ሳይገባኝ መዋል ደግሞ አልወድም።

ለአሸር ደወልኩ። አንተም እንደዚህ ጠይቃቸው አልኩት። እምቢ አለ፣ ዝርዝሩን አስገብቷል፦ መቶ አርባ። ያንቺን አንቺም እንዳለ ላኪው፣ ማንም አይቆጥርም አለኝ። ከጠበቃው ጋር የሚሠራ ሰው እንደዚያ ነው የሚያስበው። እኔም ለአንድ ደቂቃ አሰብኩት። እውነቱን ካንቺ ምን እደብቃለሁ፣ ከአንድ ደቂቃ ይበልጣል።

ረቡዕ፣ ጧት 7፡30፣ እናቴ ወጥ ቤት

ሥራ አልገባሁም፣ ፈቃድ ወስጃለሁ። እናቴን ፊት ለፊት ጠየቅኋት። ሐሙስ ስንት ሰዓት ትመጫለሽ?

ሽንኩርቱን መክተፍ አላቆመችም። አልመጣም አለች።

በሕይወቴ ከእናቴ አፍ የሰማሁት የመጀመሪያው ቁርጥ ያለ እምቢታ ነው። ለምን አልኳት። እንዲህ አለችኝ፣ ቃል በቃል እጽፈዋለሁ፦ «ላንቺ እሺ ብያለሁ፣ ለአስቻለውም እሺ ብያለሁ። የእኅቴ ልጅ ነው፣ ቤቴ ድረስ መጥቶ እምቢ ብዬ ልሸኘው ኖሯል? ብመጣ አንዳችሁን ዋሸሁ። ቤቴ ብቀመጥ ማንንም አልዋሸሁ።» አሸር ለእሷ እስከ ዛሬ አስቻለው ነው።

ድምፁ ምስጢር ነው፣ ማንም አያይሽም አልኳት። «እኔ አያለሁ» አለች።

እና ሌሎቹስ አልኳት። እኔ ብቻ መሰልኩሽ አለች። እማ ጥሩወርቅም አይሄዱም፣ አባ ፈረደም አይሄዱም፣ አክስትሽ ዘውዴም ልብሷን ሳትቀይር ቤቷ ትውላለች። ከአፍ የወጣ አፋፍ።

ደብተሬ፣ ገባኝ። ጉልበት አይደለም፣ ስንፍና አይደለም፣ ፖለቲካ መጥላትም አይደለም። እኔና አሸር ተባብረን አንድ ሰፈር ሙሉ ሰው ቤቱ ቆልፈንበታል። ሐሙስ ሳጥኑ ሲከፈት የእኛ ሽማግሌዎች ድምፅ እዚያ ውስጥ የለም። ከዚያ በኋላ አቭነር፣ እናንተ እኮ አትመርጡም፣ ይለናል። እውነቱን ይሆናል። የማን ደረጃ መደገፊያ ይሠራለታል ታዲያ?

11፡50

አቭነር ደወለ፣ ቀትር ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው። ስምሽስ አለ።

ሃያ አራት አልኩት።

ሳቀ። ባለፈው መቶ ሠላሳ ብለሽኝ አልነበረም ወይ አለ። አዎ፣ ባለፈው ተሳስቼ ነበር አልኩት። ጠበቃው መቶ አርባ ይዞ መጥቷል፣ ስለዚህ ምርጫው ግልጽ ነው አለ። ስምሽን ብታነሺና ስኒፉን አንድ ብናደርግ የኢትዮጵያውያን ጉዳይ አስተባባሪ አደርግሻለሁ አለ። ቢሮ አለው ወይ አልኩት። የለውም። ድምፅ አለው ወይ? የለውም። እንግዲያው የአስተባባሪው ነገር ይቅርብኝ፣ ስሜ ከወረቀቱ አይነሳም አልኩት።

ስልኩን ዘጋሁት። ያዘንኩት ለራሴ ነው፣ ልክድሽ አልችልም። ሦስተኛው ቦታ ምን ያህል እንደምፈልገው ያወቅሁት ዛሬ ነው። ከዚያ ውሃ ጠጣሁ፣ ፊቴን ታጠብኩ፣ ተመለስኩ። አሁን ደህና ነኝ። ከደህናም በላይ ነኝ።

3፡40

አሸር ከሆቴሉ ወጥቶ ቤቴ መጣ። እናቴ ያለችኝን ነገርኩት። አላመነም። ለእናትህ ደውልና ነገ ስንት ሰዓት ላምጣሽ በላት አልኩት። ደወለ። አክስቴ ዘውዴ ስለ ደም ግፊቷ አወራችው። ስለ ጎረቤቷ አወራችው። ስልኩን ሲዘጋ ፊቱ የሕፃን ፊት ሆኖ ነበር። የገዛ እናቱ። ለጠበቃው ያስገባው ዝርዝር ሁሉ እንደኔው አየር ነው።

ምን እናድርግ አለኝ። ነገርኩት። ጮኸ። አበድሽ አለ፣ ለጠበቃው ቃል ሰጥቻለሁ አለ፣ ከማን ጋር ነሽ አለ። ሁለት ጊዜ በሩ ድረስ ሄዶ ተመለሰ። በመጨረሻ ወንበር ስቦ ተቀመጠና ከየትኛው ሕንፃ እንጀምር አለ።

ውሳኔው ይኸውልሽ፣ ተጽፎ ይቀመጥ። ዛሬ ከአሁን ጀምሮ፣ ሁለታችን አንድ ላይ፣ እያንዳንዱን በር እናንኳኳለን። አንዳችን ብቻ ብንሄድ ዋጋ የለውም፤ እሺ ያሉት ለሁለታችን ነውና ሁለታችንም መቆም አለብን። የምንለው አንድ ነው፦ ለእኔም ለእሱም ያላችሁትን እሺ መልሰንላችኋል፣ አልተቀየምንም፣ ነገ ደስ ላላችሁ ምረጡ፣ ብቻ ኑ። ዝርዝር አልይዝም። እስክሪብቶም አልይዝም።

ልሸነፍ እችላለሁ። ሽማግሌዎቹ ጠበቃውን ቢወዱትስ? ይቻላል፣ አነጋገሩ ደስ ይላል። ግን አይመስለኝም። ከእነዚህ ሰዎች ጋር ሳይረን ሲጮኽ ደረጃ ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ፤ ነፃ ሆነው ከመረጡ ያውቁኛል። ሃያ አራቱም አሉኝ። አቭነር ይቁጠር።

የመጀመሪያው በር የእናቴ ነው፤ ቤቷ ከዚህ ሁለት ሕንፃ ነው። ማን ይናገር ስንባባል ቆየን፤ እኔ ነኝ የምናገረው። እማዬ፣ ነገ የአስቻለውን ሰው ብትመርጪም ልጅሽ ነኝ፣ አልጠይቅሽም፣ ብቻ ቤት አትቀመጪ እላታለሁ። ሦስት ጊዜ ለብቻዬ አልኩት።

አሸር ጫማውን አስሮ ቆሟል፣ ምን ትጽፊያለሽ ይለኛል። መጣሁ አልኩት፣ እስክሪብቶዬን ጠረጴዛው ላይ ትቼ።