የእሸቴ ዘፈን በመዝሙር ድምፅ

ፒያሳ፣ የካቲት 22 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለምወድሽ እህቴ ለአይናዲስ፣

እንደምን ከርመሻል? መቱ በየካቲትም ይዘንባል ያልሽው እውነት ከሆነ፣ እዚህ አናታችንን የሚበሳውን ፀሐይ ጠቅልዬ ብልክልሽ ደስ ይለኝ ነበር። ጥቅሉ ውስጥ ያለው ግን ካሴት ነው። ሹፌሩ ጋሽ መርሻ ከነደብዳቤው በእጁ ያደርስልሻል። እባክሽ መጀመሪያ ደብዳቤውን አንብቢ። ሳታነቢ ከሰማሽው ቤተሰቡ በሙሉ ያበደ ይመስልሻል።

ለምን እንደላክሁልሽ ልደብቅሽ አልችልም። ከወንድማችን ከእሸቴ ቀብር ወደ ሥራሽ ከተመለስሽ ስምንት ወር ሆነ። ለገና አልመጣሽም። የምትጽፊውም ሦስት መስመር ብቻ ነው። ለፋሲካ እንድትመጪ እፈልጋለሁ፤ ካሴቱ ለዚያ ነው።

የእሸቴን ዘፈን ቀዳነው። ያንን ጊታሩን እየደበደበ፣ አልጋ ላይ እየዘለለ የሚዘፍነውን፦

«ስትወርጂ ቁልቁለቱን ከታች ልጠብቅሽ፣
ስትወጪ ዳገቱን ከኋላ ልደግፍሽ።»

እማዬ «የዓለም ዘፈን በቤቴ!» ብላ ስትጮህበት፣ እሱ «ዓለምንስ ማን ፈጠራት እማዬ?» ይላት የነበረው ትዝ ይልሻል? እሱ ከሞተ ወዲህ ሬዲዮ እንኳን አልተከፈተም። ባለፈው ሳምንት ግቢ ውስጥ ሸሚዜን ሳጥብ ሳላስበው ዘፈኑን አንጎራጎርኩት። ቀና ስል እማዬ ከኋላዬ ቆማለች።

«ለምን አቋረጥከው?» አለችኝ።

«ዘፈን ነዋ።»

«ቀስ ብለህ ብትለው ምን አለበት? ሰው ያባረረህ ይመስል ትሮጣለህ።»

ብላ ሁለተኛውን ስንኝ ራሷ ያዘችው። አይንዬ፣ በአልቶ፣ በወፈረው የሴት ድምፅ! ልክ መዘምራን ውስጥ እንደቆመች፣ እያንዳንዱን ቃል እየሳበች። አባባ ውስጥ ሆኖ የተማሪዎቹን ደብተር ያርም ነበር፤ ደብተሩን ሳይዘጋ በወፍራሙ ድምፅ፣ በባሱ፣ ገባ። እኔ ሳሙና በሳሙና እንደሆንኩ ቆሜ ቀረሁ።

በነጋታው ወደ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ወርጄ ክፍሌን ቴፑን እንዲያውሰኝ ለመንኩት። አብሮኝ የሚማረው፣ እሸቴ ጊታር ያስተማረው ክፍሌ ነው። «ቴፑ ያለ እኔ አይሄድም» ብሎ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ራሱም መጣ። መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፈንን፤ የእሸቴን ጊታር ክፍሌ ያዘ። ሁለት መስመር እንደዘፈንን አስቆመን።

«ይቅርታ አባባ፣ ይሄ ዘፈን ጫማው ጠቦታል እንዴ? ለምን አይራመድም?»

«እንደዚህ ነው የምንችለው» አለ አባባ፣ ኮስተር ብሎ።

የእሸቴን ቴነር፣ ቀጭኑን የወንድ ድምፅ፣ የያዝኩት እኔ ነኝ። ድምፄ ከጎረመሰ ወዲህ አልሰማሽውም። ከፍ ያለው ቦታ ላይ ስደርስ ለሁለት ተሰነጠቀ። ክፍሌ ቴፑን አጠፋና «አባይነህ፣ ጉሮሮህ ውስጥ ሁለት ሰው አለ፤ አንዱን አስወጣውና እንቀጥል» አለኝ። እማዬ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ከሰኔ ወዲህ ስትስቅ አላየኋትም ነበር።

ሦስተኛው ሙከራ ላይ በሩ ተደበደበ። የቀበሌው አብዮት ጠባቂ ዘበነ ነው፤ ጠመንጃውን እንዳነገተ።

«ቤት ውስጥ ተሰብስቦ መዘመር መከልከሉን አታውቁም? በአጥሩ ሳልፍ ሰምቻለሁ! በዚህ ሰፈር ድምፁን ለሦስት ለአራት ከፍሎ የሚያዜም ጴንጤ ብቻ ነው!»

የአባባ ፊት አመድ መሰለ። ከኛ ሰዎች መካከል ስንቱ በዚህ ነገር ታስሮ እንደከረመ ታውቂያለሽ። ያን ጊዜ እማዬ ተነሳች።

«ዘፈን ነው፣ ጓድ ዘበነ! በእግዚአብሔር ስም እምልልሃለሁ፣ ዘፈን ነው የምንዘፍነው!»

እማዬ ናት እንግዲህ ይህን ያለችው! ሌላ ሌላውን በለሆሳስ ስናዜም አንድ ቀን ያልሰማን ሰውዬ፣ ዘፈን በዘፈንን ቀን ያዘን።

«ዘፈን ከሆነ እስቲ ዝፈኑልኝ» አለ።

ከመጀመሪያው ጀመርን። ግንባሩን ቋጥሮ ሲያዳምጥ ቆየና ከንፈሩ መንቀሳቀስ ጀመረ።

«ቆይ፣ ቆይ! ይሄ በሠርጌ ቀን የጨፈርኩበት አይደለም እንዴ? ምን አድርጋችሁ ነው እንዲህ ያሳመማችሁት?»

«ቀስ አድርገን ነው እንጂ አላሳመምነውም» አለ አባባ።

«ኧረ አሞታል! ደግሞ የጨረቃዋን ስንኝ ዘላችኋታል።»

ጠመንጃውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ተቀመጠና ስንኟን አስጠናን። ካሴቱ ላይ በእግሩ ወለሉን የሚመታውና መሀል ላይ የሚያስለው ሰው እሱ ነው። ሲወጣ በሩ ላይ ቆም ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የሞተው ልጃችሁ ነበር አይደል ይቺን የሚጫወታት?» አለ። እማዬ ራሷን ነቅንቃ አዎ አለችው። «ነፍስ ይማር። ስትዘፍኑ በሩን ዝጉት» ብሎ ሄደ። እስኪርቅ ጠበቅንና ክፍሌ ሳቁን ለቀቀው። ከዚያ ሁላችንም። እሸቴ ቢኖር መሬት ላይ ይንከባለል ነበር።

ስትሰሚው መጨረሻ አካባቢ ድምፄ ጥፍት ይላል። ጉንፋን ይዞኝ ነበር፤ ሌላ ነገር እንዳይመስልሽ።

አንድ ነገር ግን እንደሚጎድለው ወዲያው ትሰሚዋለሽ። ላይኛው ድምፅ፣ ሶፕራኖው፣ የለም። ክፍሌ «አባይነህ ድምፁን አቅጥኖ ይሙላው» ቢል እማዬ ቆጣ አለች።

«የልጄን ቦታ ማንም አይነካብኝም!»

«የእሸቴን ነው?» አልኳት።

«እሸቴንማ አንተ ይዘህለታል። የአይናዲስን ነው እንጂ።»

ከአንቺ ሌላ ማንም የማያነሳውን ነገር አሁን ላንሳው። ያን ጊዜ እሸቴ ሲታመም በስልክ «ተራ ትኩሳት ነው፣ ይረፍ» ማለትሽን እያሰብሽ እንደምትቀሪ አውቃለሁ። ነርስ ብትሆኚም በስልክ ሽቦ ሰው አይታይም። በዚህ ቤት አንድም ሰው አንድም ቀን በክፉ አላነሳሽም፤ እኔ እዚሁ ነኝ፣ እሰማለሁ። እማዬ የምትለው ከላይ የጻፍኩልሽን ብቻ ነው። ይህንንም ልጻፍልሽ ብላት «እኔ አላልኩም በል» ብላኛለች።

ጤናሽን ይጠብቅልሽ፣ የምትዳስሻቸው በሽተኞች ሁሉ ይነሱልሽ፣ ጎርፉም መንገዱን አይቁረጥብሽ። ክፍሌ ቴፑን እስከ ፋሲካ ማግስት አውሶናል።

ወንድምሽ
አባይነህ ብርሃኔ