ጋሼን «ጨጓራ ነው» ያልኳቸው ሰሞን

ሰኞ፣ ሉልዮ (ጁላይ) 7፣ ከሰዓት

አውቶቡስ ላይ ዛሬም ሠራሁላቸው። ወደ ሮማኒና የሚሄደው ላይ፣ የኋላው በር ጋ የሐበሻ ልጆች ተኮልኩለዋል። ቲኬት የያዘ አንድም የለም። ድምፄን እንደ ተቆጣጣሪ አወፈርኩና በጣሊያንኛ ቲኬት አውጡ ብዬ ጮህኩ። በሩ ሲከፈት ዘለው ወረዱ፤ አንደኛው ነጠላ ጫማውን ጥሎ። ሳቄ አመለጠኝና ሹፌሩ እኔንም አወረደኝ። በእግሬ መጣሁ። ይገባኛል።

ቤት ስገባ ያው ጥያቄ። ዩኒቨርሲቲ ተመዘገብክ ወይ? (አንቺ ሲኞራ ደብተር፣ አዲስ ስለሆንሽ ልንገርሽ፦ ጠያቂው ጋሼ ዘውዴ ናቸው። የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ ያሳደጉኝ። ሮም ውስጥ ከእሳቸው ሌላ ሰው የለኝም።) አልተመዘገብኩም። ነርስነት ሦስት ዓመት። በዚያ ላይ የመግቢያ ፈተና። በዚያ ላይ ኬሚስትሪ! እኔ ደግሞ ት/ቤት አቋርጬ፣ በማታ ተመልሼ፣ ዲፕሎማዬን በልምምጥ ያገኘሁ ሰው ነኝ።

ሌላ መንገድ አለ። እዚህ ኦስ ይሉታል፣ የነርስ ረዳት ማለት ነው። ሕመምተኛ ማጠብ፣ ማብላት፣ ማገላበጥ። ኮርሱ ዓመት ገደማ፣ ሥራው ወዲያው። ጋሼ ስሙን ሲሰሙ ይኮሳተራሉ። የጣሊያን ሳህን ማጠብ በኔ ይብቃ፣ አንተ ደግሞ የጣሊያን መቀመጫ ልታጥብ ነው? ይላሉ። ምግብ ቤት ጓዳ ነው ዕድሜያቸውን የጨረሱት።

ለቤተ ክርስቲያን ሰው ግን ዩኒቨርሲቲ ገባ ብለው አውርተው ጨርሰዋል። እሑድ ወ/ሮ አልማዝ ዶክተሬ ብለው ሳሙኝ፤ ግፊቴን ለካልኝ አሉ። እጃቸውን ይዤ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ እርጉዝ ነዎት አልኳቸው። ስድሳን አልፈዋል። በቦርሳቸው ሊመቱኝ ሰንዝረው ሳቱኝ።

ሐሙስ፣ ሉልዮ 10

ጋሼ ከስተዋል። ዓይናቸው ቢጫ ሆኗል። የምርመራው ውጤት ዛሬ ነው፣ ሆስፒታል አብሬ ሄድኩ። አስተርጓሚ እኔ። (ዘመናቸውን ከሳህን ጋር ነው የኖሩት፤ ሳህን ጣሊያንኛ አያስተምርም።)

ዶ/ሯ ልጅ እግር ናት። ቀስ ብላ፣ ረጅም ተናገረች። ጉበት። መጥፎው በሽታ። ተሰራጭቷል። ኦፕራሲዮን አይሆንም። ወራት አለች። ብዙ ወራት አላለችም።

ጋሼ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አፍ አፌን ያያሉ።

ጨጓራ ነው አልኳቸው። በርበሬ ይቀንሱ ብላለች።

ሳቁ። «ይቺ ፈረንጅ፣ በርበሬዬ ምን አደረጋት?»

ዶ/ሯ ሳቃቸውን አየች፣ እኔን አየች። ኮሪደር ላይ ያዘችኝ፦ ምን አልካቸው? እኛ ጋ ለታማሚው ፊት ለፊት አይነገርም፣ መጀመሪያ ለቤተሰብ ነው፤ ቤተሰቡ ደግሞ እኔ ነኝ አልኳት። ሕመሙ ግን የእሳቸው ነው አለች። ለሚቀጥለው ቀጠሮ የሆስፒታሉን አስተርጓሚ ትጠራለች። አሎራ፣ እንግዲህ። እስከዚያ ጊዜ አለኝ።

ስንመለስ አውቶቡሱ ሙሉ ነበር። ቲኬት ብዬ አልጮህኩም።

ቅዳሜ፣ ሉልዮ 12

አዲስ አበባ ደወልኩ፣ ለጋሼ እህት ለእትዬ ፋናዬ። መጀመሪያ አለቀሱ፣ ቀጥሎ አዘዙ። ከአፍህ እንዳይወጣ። ሰውን የሚያኖረው ተስፋው ነው። ነግረህ እንዳትገድልብኝ። እሺ አልኩ።

ጋሼ ደግሞ ደስ ብሏቸዋል፣ ጨጓራ ብቻ ነው ብለው። ቪያ ቮልቱርኖ፣ የሐበሻ ምግብ ቤት ይዘውኝ ወርደው ክትፎ ያለ ሚጥሚጣ አዘዙ። አስተናጋጇ ታመው ነው ወይ ብላ ሳቀችባቸው። ሁለት ጎርሰው ተዉት።

ስንወጣ የተመረቀ ልጅ አየን። ጭንቅላቱ ላይ የቅጠል አክሊል፣ ጓደኞቹ እየዘፈኑለት። ጋሼ ቆሙ። ሦስት ዓመት ምን አላት፣ ይሄን ቅጠል አንተ ላይ ሳላይ የትም አልሄድም አሉኝ። ፍየል ካልቀደመዎት አልኳቸው። ሳቁ። ሳቁ መሃል ላይ ጎናቸውን ያዙ።

ዩኒ. ብመዘገብ፣ የማያዩትን ቀን እያሳየሁ ላታልላቸው ነው። ኦስ ብመዘገብ ለምን ይሉኛል። መልሱ ሕመማቸው ነው፣ እሱን ደግሞ ደብቄያለሁ።

ማክሰኞ፣ ሉልዮ 15፣ ጠዋት

አስተርጓሚዋን አወቅኳት። ቤተ ክርስቲያናችን የምትዘምር ሴት ናት። ቀጠሮው ዓርብ። ከእሷ አፍ ሊሰሙት ነው፣ እኔ አጠገባቸው እንደ ድንጋይ ተገትሬ።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር አውቃለሁ። በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ። የራሱን ሞት ለራሱ ለሰውዬው እንዴት እንደሚነገር ግን ማንም አላሳየኝም። ዩኒ. ያስተምሩት ይሆን? ይሄን ያህል ቀልድ አውቃለሁ፣ አንዱም አይሆንም።

ሐሙስ፣ ሉልዮ 17

ነገርኳቸው። ቁርስ በልተው ሲጨርሱ፣ ብቻችንን።

ጨጓራ አይደለም አልኩ። ፈገግ ብለው ጠበቁ። ስቀልድ ሁሌም እንዲህ ነው የሚጠብቁኝ፣ መጨረሻውን። ቀጠልኩ። ጉበት። ዶ/ሯ ያለችውን በሙሉ።

«ቢኒ፣ በል እንግዲህ ሳቅ» አሉኝ።

አልሳቅኩም። ያኔ ፈገግታቸው ጠፋ። ኮፍያቸውን አነሡ፣ መልሰው አስቀመጡ። ለፋናዬ ነግረሃል ወይ? አዎ። ከኔ በፊት? አዎ። ራሳቸውን ነቀነቁ።

ቀጥለው በርበሬዬን በከንቱ ከለከልከኛ አሉ። ቀልዱ የእሳቸው ነበር። እኔ ነኝ ያለቀስኩት።

ቅዳሜ፣ ሉልዮ 19

ትናንት ለዶ/ሯ እኔው አስተረጎምኩ። የሆስፒታሉ አስተርጓሚ ከጎኔ ቁጭ ብላ ትሰማኛለች። አንድ ቃል አላረመችኝም።

ዛሬ ጋሼ ከመታጠቢያ ገንዳው መውጣት አቃታቸው። ጠሩኝ። በሩን አልቆለፉትም፤ ድሮ ይቆልፉት ነበር። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ገባሁ። ሳያዩ ሰው ማንሣት አይቻልም፣ ዞርኩ። በብብታቸው ይዤ ስስብ ጮሁ። ተንሸራተትን። ሁለታችንም ወለሉ ላይ፣ እርጥብ። ክንዳቸው ላይ የጣቶቼ ምልክት ወጥቷል። ሰው እንዴት አድርገው እንደሚያነሡ አላውቅም።

ማክሰኞ፣ ሉልዮ 22

ትናንት ኦስ ተመዘገብኩ። ትምህርቱ ሴቴምብሬ ይጀምራል። የዩኒ. ፈተና አልሄድም። ለእሳቸው ብዬ ነው? ግማሹ። ግማሹ ኬሚስትሪ ፈርቼ ነው። ላንቺ አልዋሽም።

ዛሬ ነገርኳቸው። ተቆጡ። ለሰው ምን ልበል? ይሄን ሁሉ ዘመን ሳህን ያጠብኩት ለዚህ ነው? እልከኛ፣ የማትረባ። ከዚህም የባሰ አሉ፣ አልጽፈውም። ሲደክማቸው አረፍ ይሉና እንደገና ይጀምራሉ።

የመታጠቢያውን ውሃ ለብ አድርጌ ፎጣ ይዤ በሩ ጋ ቆምኩ። እየተቆጡ እጃቸውን ሰጡኝ።